በመፍቻ ሳጥን ውስጥ የኖረው ሜዳሊያ

የአባቴ ሜዳሊያ ዛሬም ግራሶ ግራሶ ይሸታል። ቱሉ ዲምቱ ባለው የኮንዶሚኒየም ቤቴ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከቀሚሶቼ ጋር ካስቀመጥኩት ቆየሁ፤ ሽታው ግን አልለቀቀውም። ክንፉን የዘረጋ ንስር የተቀረጸበት፣ ሪባኑ የወየበ ብረት ነው። ባወጣሁት ቁጥር የድሮው የአቃቂ ሰፈራችን ይመጣብኛል፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩንባ፣ ከወንዙ በኩል የሚነፍሰው የማቅለሚያ ሽታ።

ልጅ እያለሁ አባቴ ቃሊቲ አንድ ጋራዥ ውስጥ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። ከዚያ በፊት አየር ኃይል ውስጥ የአውሮፕላን ቴክኒሻን እንደነበረ ያወቅኩት እናቴ ስታማርር ሰምቼ ነው፤ መንግሥት ሲለወጥ ሥራውም ጡረታውም አብሮ ቀረ። እሱ ስለዚያ ዘመን አያወራም። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። "የኔ አባት አውሮፕላን ይነዳ ነበር" እያልኩ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ተራ እቀማ ነበር፤ ቴክኒሻን አይነዳም ብሎ የሚሞግተኝ ልጅ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ የመፍቻ ሳጥኑን ስበረብር ሜዳሊያውን ከታች፣ በግራሶ በራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ሹራቤ ላይ ሰክቼ በቀጥታ ወደ ጎረቤታችን ወደ እማማ ብርቄ ሮጥኩ። አንድ ልጃቸው ታደለ አብራሪ ነበር፤ ከአባቴ ጋር አንድ አውሮፕላን ላይ ይሠሩ ነበር። ከጦርነቱ አልተመለሰም። እማማ ብርቄ ይመጣል እያሉ ቀን ቀን በራቸውን ዘግተው አያውቁም፤ እኔንም "የጓደኛው ልጅ" እያሉ ከሁሉ ልጅ አስበልጠው ዳቦ ያበዙልኝ ነበር።

በራቸው ጋ ሳልደርስ አባቴ ከኋላዬ አፈፍ አደረገኝና ደረቴን በእጁ ሸፈነው። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሜዳሊያውን ከሹራቤ ነቀለው። ቤት ወስዶ ደጃፋችን ላይ አስቀመጠኝና ነገረኝ። ቁስለኛ ጭነው ሲመለሱ አውሮፕላኑ ተመታ። ታደለ እንደምንም ብሎ ደረቅ ወንዝ ላይ አሳረፈው። አባቴ ቁስለኞቹን እየጎተተ አወጣ፤ ለታደለ ሲመለስ እሳቱ ቀደመው።

"ስላወጣኋቸው ሸለሙኝ" አለኝ። "እሱን ስላላወጣሁት ግን የጠየቀኝ የለም። እማማ ይህን ካዩ፣ በምን አገኘኸው ይሉኛል። ምን ልበላቸው?"

"ለምን እውነቱን አትነግራቸውም?" አልኩት።

በዚያ ዘመን የዘማች ሞት ለቤተሰብ ቶሎ አይነገርም ነበር፤ በኋላም የሚነግረው የጦር ክፍል ራሱ ፈረሰ። በዓይኑ ያየ አባቴ ብቻ ቀረ። መርዶ ደግሞ አንድ ሰው ብድግ ብሎ የሚናገረው ነገር አይደለም። ሽማግሌ ተይዞ፣ በማለዳ፣ ሐዘንተኛው እህል ሳይቀምስ ነው የሚረዳው። አባቴም፣ እንደነገረኝ፣ አንድ ጊዜ ሞክሮ ነበር። የእድሩን ዳኛ ይዞ ጎህ ሲቀድ በራቸውን አንኳኳ። እማማ ብርቄ ከፍተው ሲያዩት አቅፈው ሳሙት። "አንተን ባላይ ኖሮ ተስፋ እቆርጥ ነበር። አንተን የመለሰ አምላክ እሱንም ይመልሰዋል" አሉና ዳቦ ቆረሱላቸው፤ ራሳቸውም ጎረሱ። ዳኛው አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ። ከተበላ በኋላ መርዶ የለም። ሲወጡ ዳኛው "ተወው ልጄ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አሉት። ሽማግሌ በማለዳ በር ሲያንኳኳ ለምን እንደሆነ እማማ ሳያውቁት ቀርተው ይሆን? እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በእኛ ሰፈር ግን እውነት እያደር ጨለመ። ዳኛው ሞቱ። አባቴም ሞተ። በለቅሶው ድንኳን፣ እንደ ወጉ፣ የደንብ ልብሱ ከፎቶው አጠገብ ሲሰቀል፣ ምንም የማያውቀው አጎቴ ሜዳሊያውን ከመፍቻ ሳጥኑ አውጥቶ የልብሱ ደረት ላይ ሰካው። ልነቅለው ስነሳ እማማ ብርቄ በምርኩዛቸው ቀድመውኝ ደረሱ። በጣታቸው ዳሰሱት። "አይ ልጄ! አንድ ቀን እንኳ ሳያሳየኝ" አሉ። ከዚያ ፊታቸው በራ። "ታደለም የዚህ ብጤ ይኖረዋል ማለት ነው። ሲመጣ አየዋለሁ።"

ዘንድሮ ሰፈራችን ለመንገድ ፈረሰ። እማማ "ልጄ ቤቱን በምን ያገኘዋል?" እያሉ ከፍርስራሹ አጠገብ አልነሳም ብለው ነበር፤ ደግፈን አነሳናቸው። አሁን እኔ ባለሁበት ብሎክ ምድር ወለል ላይ ነው ያሉት። በሩን ከፍተው መዋል አመላቸው ነው፤ ግን ነፋሱ መልሶ ይዘጋባቸዋል። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ስገባ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝና እጄን ያዙኝ።

"እኔ ከሄድኩ፣ ሲመጣ አንቺ ነሽ የምትነግሪው። እናትህ እስከ መጨረሻው ጠብቃሃለች በይው። እሺ እናቴ?"

ልጅ ሳለሁ ያን እውነት የሚሸፍነው የአባቴ እጅ ነበር፤ አሁን የቀረው የኔ ነው። የሚከተለኝ ሽማግሌም የለም፣ ማለዳውም አልፏል።

"እሺ እማማ" አልኩና ዳቦውን በላሁ።