ፕሮፌሰር ቡሩል የተሸለሙ ዕለት

ወልጄ የዶክትሬት ትምህርቴን ያቋረጥኩ ጊዜ፣ አማካሪዬ ፕሮፌሰር ቡሩል ከኪርጊስታን ዋና ከተማ ከቢሽኬክ ተነስተው በአውቶቡስ እኔ ወዳለሁባት የተራራ ከተማ እስከ ናሪን ድረስ መጡልኝ።

"ልጁን ለእኔ ስጪኝና አንቺ ጻፊ" አሉኝ።

ሳምንቱን ሙሉ እሳቸው ልጄን አዝለው እሹሩሩ ሲሉ፣ እኔ ስለ ተራራችን በረዶ የጀመርኩትን ጥናት ጨረስኩ።

ትናንት ዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ምርጥ አማካሪ ብሎ ስማቸውን ሲጠራ፣ እሳቸው ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጠው የአንድ ተማሪ ረቂቅ ያርሙ ነበር።

"እትዬ፣ እርስዎን እኮ ነው የጠሩት!" አልኳቸው።

"ቆዪ፣ ይቺን ገጽ ልጨርስ።"

"ገጹ የትም አይሄድም፤ ይነሱ እንጂ!"

ብድግ ሲሉ አዳራሹ አብሮ ተነሳ። ያስመረቋቸው አርባ ሁለት ተማሪዎች እያጨበጨቡና እያፏጩ እስከ መድረኩ አጀቧቸው። እኔማ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ።