ቤታችን ሊሸጥ የነበረበት ማክሰኞ

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ዳላስ አጠገብ ሜስኪት ከተማ ያለውን ቤታችንን የገዛነው በሱ ገቢ ነው። እኔ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሠርቼ የማመጣው ለአስቤዛና ለመኪና ኢንሹራንስ ይሆናል። በእድራችን ደግሞ ሰው ሲሞት አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚላክበትን ገንዘብ የሚያሰባስበው እሱ ነው። እሱ ደውሎ ለምኖት እምቢ ያለ ሰው አላውቅም።

ስለዚህ ኩላሊቱ መሥራት ሲያቆምና እጥበት ሲጀምር መጀመሪያ ያለኝ፣ "ለማንም እንዳትናገሪ" ነው።

ለጠየቀን ሁሉ ወገቡን አሞት ነው እያልን ከረምን። በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ የሚውል ሰው ረጅም መንገድ መንዳት አይችልም። የቆጠብነው አለቀ፣ ከዚያ በክሬዲት ካርድ መኖር ጀመርን፣ ከዚያ የቤቱን ክፍያ አንድ ወር ዘለልን። አንድ ወር ከተዘለለ ሁለተኛው ቀላል ነው።

ባለቤቴ ባንኩ ጋ ደውሎ፣ "ሪፋይናንስ አድርጉልን፣ ብድሩ በአዲስ ይተካና ወርሃዊው ዝቅ ይበል" አለ። ስልኩን ያነሳው ልጅ በትሕትና ክፍያ ያቋረጠ ሰው ሪፋይናንስ እንደማይፈቀድለት ነገረው። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ በሐራጅ እንደሚሸጥ ማስታወቂያ መጣልን። ቴክሳስ ውስጥ የተያዘ ቤት የሚሸጠው በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ነው። ይህን እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር።

እንዴት እንደሰማ አላውቅም፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የምናውቀው ሰው ቤታችን መጣ። ቤት እየገዛ የሚሸጥ፣ ሁልጊዜ ሱፍ የሚለብስ ሰው ነው። ሳሎን ተቀምጦ በለሆሳስ ነበር የሚያወራው።

"የቤቱን ታይትል ለጊዜው ወደኔ ስም እናዙረው" አለ። "የኔ ክሬዲት ጥሩ ነው፣ ባንክ አይከለክለኝም፣ ሪፋይናንስ አደርገዋለሁ። እናንተ እዚሁ እየኖራችሁ ለኔ ኪራይ ትከፍላላችሁ። እግዚአብሔር ሲረዳችሁ ትመልሱታላችሁ። ማንም አይሰማም።"

"ኪራዩን ባንችልስ?" አልኩት።

"እህቴ፣ እኛ እኮ ወንድማማቾች ነን።"

ኪራዩን ካልቻልን ምን እንደሚሆን አልነገረኝም። ባለቤቴ ግን ያቺን "ማንም አይሰማም" የምትለዋን ቃል ሰምቶ ፊቱ ሲፈታ አየሁት። ሰውዬው እንደሄደ ተጣላን። እኔ ቤታችንን ለሰው አንሰጥም አልኩ፣ እሱ ደግሞ፣ "አንቺ አገር ምድሩ ይወቅልኝ ነው የምትይው!" አለኝ።

በማግስቱ ሥራ ቦታ አብራኝ የምትሠራ ነርስ ዓይኔን አይታ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እሷም ቤቷን ልታጣ ደርሳ ያዳናት መንግሥት ፈቃድ የሰጠው የቤት አማካሪ መሆኑን ነገረችኝ። "ምክሩ በነጻ ነው" አለች። "ገንዘብ ከጠየቀሽ ሌባ ነው፣ ጥለሽው ውጪ።"

ባለቤቴን ወደ አማካሪዋ የወሰድኩት ተደራድሬ ነው። እሷ ካልረዳችን ለሰውዬው እፈርማለሁ አልኩት።

ቢሮው ዳላስ ውስጥ በጥርስ ሐኪምና በታክስ ሠሪ መካከል ያለ ጠባብ ክፍል ነው። አማካሪዋ የሜክሲኮ ተወላጅ የሆነች፣ መነጽሯን ጸጉሯ ላይ የሰካች ሴትዮ ናት።

"ክፍያውን ለምን አቆማችሁ?" አለች።

"ሥራ ቀዘቀዘ" አለ ባለቤቴ።

"ለምን ቀዘቀዘ?"

"ማለቴ... ገበያው።"

ብዕሯን አስቀመጠች። "ስሙኝ። የክፍለ ግዛቱ የእርዳታ ፈንድ አልቋል፣ እሱን ተስፋ አታድርጉ። የናንተ ብድር ግን መንግሥት ዋስ የሆነለት ነው። ስለዚህ ባንኩ ብድሩን እንዲያስተካክልላችሁ መጠየቅ እንችላለን። መጀመሪያ የሚጠይቁት ምን እንደደረሰባችሁ ነው። ገበያ ቀዘቀዘ ብዬ ብልክ አይቀበሉኝም። የቀረን ጊዜ ደግሞ ትንሽ ነው።"

ባለቤቴ የሸሚዙን እጅጌ ወደ ታች ጎተተ። ጠበቅኩት። ከዚያ እኔው፣ "ኩላሊቱን ታሟል፣ እጥበት ላይ ነው" አልኩ።

ዞር ብሎ አየኝ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ተነሥቶ ወጣ።

በመስኮቱ አየዋለሁ። በዚያ ሐሩር ፓርክ ካደረግነው መኪናችን አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ሴትዮዋ ውኃ ሰጠችኝ። ታይትሉን ወደኔ አዙሩት ስላለን ሰውዬ ነገርኳት።

"እንዳትፈርሙ!" አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ሪፋይናንስ ባያደርገውስ? ቤቱ የሱ ይሆናል፣ ዕዳው በስማችሁ ይቀራል። ስንቱን ሲያለቅስ አይቻለሁ።"

በሩ ተከፈተ። ባለቤቴ ገብቶ ሳይቀመጥ የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ። ክንዱ ላይ ለእጥበቱ ተብሎ የተቀጠለው የደም ሥር እንደ ገመድ አብጧል። እንዳይታይበት በዚያ በጋ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ያልለበሰበት ቀን አልነበረም።

"ይኸው" አላት። "ማሽኑ የሚሰካው እዚህ ነው። እጅሽን ብታስቀምጪበት ሲርገበገብ ይሰማሻል። ከአሁን በኋላ ትራክ መንዳት አልችልም። ጻፊው።"

ሴትዮዋ ጻፈች። እኔ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ልመና ነው። የላክነው አልደረሰም ይሉናል፣ እንደገና እንልካለን። ስልክ ላይ ሙዚቃ እየሰማን እንውላለን። እሱ የአካል ጉዳተኛ አበሉን ማስረጃ አመጣ። እኔ የቅዳሜና የእሑድ ፈረቃ ጨመርኩ፣ አንዱን መኝታ ቤት አከራየን። ሽያጩ ሊደርስ ሲል አማካሪዋ ኮል አድርጋ፣ "አስቁመውታል" አለች።

ባለቤቴ አላመነም። "ካላየሁ አልተኛም" አለ። ማክሰኞ ጠዋት ሐራጁ ወደሚካሄድበት ዳላስ መሃል ከተማ ሄድን።

ሐራጅ ሲባል ጩኸት የሚኖር መስሎኝ ነበር። ወረቀት የያዙ ሰዎች እንደ ተራ ነገር የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ያነባሉ፣ ስልክ ጆሯቸው ላይ ያደረጉ ሰዎች ዋጋ ይጠራሉ። አንድ ቤት ቡና አፍልቶ ለመጠጣት በማይበቃ ጊዜ ውስጥ ይሸጣል። አጠገባችን አንድ ሽማግሌና ሚስቱ ቆመዋል። አንድ አድራሻ ሲነበብ ሴትዮዋ የባሏን ክንድ ያዘች፣ እሱም ኮፍያውን አወለቀ። የነሱ ቤት መሆኑን ማንም አልነገረንም፣ አወቅነው እንጂ። የኛ አድራሻ ሳይነበብ ሰዉ ተበተነ።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳያስነሳ፣ "ደስ ሊለን ይገባ ነበር" አለኝ።

"ይገባ ነበር" አልኩት።

ባንኩ ያልከፈልነውን ወለድ የሌለው ዕዳ አድርጎ የብድሩ መጨረሻ ላይ እንዲከፈል አስቀመጠው፣ የቀረውንም አርባ ዓመት ላይ በተነው። ወርሃዊው ቀንሷል። ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ ለማየት የምኖር አይመስለኝም። ባለቤቴ ለእድሩ ሰዎች በስብሰባ ላይ ራሱ ነገራቸው። "ገንዘብ አልጠይቅም፣ ግን እወቁት" አለ። አንዳንዶቹ ቤታችን መጥተው ጠየቁት፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ስልክ እንኳ አልደወሉም። ታይትሉን ሊወስድ የነበረው ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲያየን አጎንብሶ ያልፋል።

አሁን ኩላሊት ለመቀየር ወረፋ ላይ ነን። መቼ እንደሚደርሰው የሚነግረን የለም። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ እሱ የጓሮውን ሣር ለማጨድ ሲሞክር አየዋለሁ፣ ትንሽ ሄዶ ያርፋል። ተወው ስለው፣ "ቤታችንን ለሰው አንሰጥም አላልሽም?" ይለኛል። ቀልዱን ይሁን አኩርፎ አላውቅም።