ሙሉጌታ የተረከልን ፊልም

ኮረብታውን እንድንይዝ ትእዛዝ የደረሰን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። የእኛ ጓድ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ወዲያው የምንዋጋ መስሎን ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን ኮረብታው ላይ ምሽግ ውስጥ ተቀምጠን ጠላትን ጠበቅን።

ያን ጊዜ መንፈሳችንን የያዘልን መሪያችን አሥር አለቃ ሙሉጌታ ነው። ከመዝመቱ በፊት አንድ የባሕር ጀብዱ ፊልም አይቷል፤ ሌሎቻችን አላየነውም። ጠዋት ጠዋት ጥበቃ ስንቀያየር ይተርክልናል። ጭራሮ ጎራዴ ይሆንለታል። ጀግናው ገመድ ይዞ ከመርከብ መርከብ ሲዘል፣ እየሳቀ ሲፋለም ያሳየናል። ከሁሉ የወደድነው ጀግናው ካመለጠ በኋላ የቆሰለ ወዳጁን ሊያነሣ የሚመለስበትን ነበር።

«እስቲ እሷን ድገማት» እንለዋለን። ይደግምልናል።

አንድ ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ መድፍ ጀመረ። ኮረብታውን እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ይዘን ቆየን። ጥይት አለቀ። «ወደ ኋላ!» ተባለ። ስንወርድ ጭኔን ተመትቼ ወደቅሁ። ማንም አላየኝም። ሙሉጌታ ሸለቆው ውስጥ ሰው ሲቆጥር ጎደልሁበት፤ ብቻውን ተመለሰ።

«ተወኝ፣ ሂድ» አልሁት።

«ዝም በል፤ አንገቴን ያዝ።»

ሸለቆው አፍ ላይ ለሰዎቹ አቀበለኝ። ወዲያው ጀርባውን ተመታ።

ዛሬ የምኖረው አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ነው። በቅርቡ ልጄ ሳራ ሁልጊዜ የማወራላት ያ ፊልም ኦክላንድ ውስጥ በአንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት እንደሚታይ ሰምታ ቲኬት ቆረጠችልኝ። ፊልሙ አርጅቷል፤ ለዛው ግን አልጠፋም። ጀግናው በገመድ ሲዘል ወጣቱም ሽማግሌውም አጨበጨበ። እኔም እንደ ልጅ ሳቅሁ። ከዚያ ያችን ቦታ መጠበቅ ጀመርሁ። አልመጣችም። ጀግናው አመለጠ፣ መርከቡ ራቀ፣ መብራት በራ።

«አባዬ፣ ኦኬ ነህ?» አለችኝ ሳራ።

«ወዳጁን ሊያነሣ የሚመለስበት የለም።»

«ሜይቢ ቆርጠውት ይሆናል።»

አልተቆረጠም፤ ፊልሙ ውስጥ የቆሰለ ወዳጅ ጭራሽ የለም። ሙሉጌታ ከራሱ የጨመራት ናት። ይህን ለሳራ ስነግራት እጄን ያዘችኝ፤ ሰዉ ወጥቶ እስኪያልቅ ተቀመጥን።

ከአሥራ አንዳችን ሰባቱ እዚያ ጦር ሜዳ ቀሩ፤ ሙሉጌታ፣ ታደሰ፣ ኃይሉ፣ ገመቹ፣ ደምሴ፣ ሁለቱ አበበዎች። ጦርነት ደግ ነገር ነው ብዬ ለማንም አልነግርም። ከሰባቱ አንዱም ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር።