ከመርዶው በፊት የነበረው ቅዳሜ

በኖቬምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ዳር አሠልጣኛችን የተሰላፊዎችን ስም ጠራ። የአጥቂያችን ስም አልነበረበትም። አባቱ ረቡዕ ዕለት ደሴ ላይ አርፈዋል። እሱ አልሰማም።

ይህን የማነሳልህ ሰሞኑን የቆየ ሻንጣ ስፈትሽ አንድ የስልክ ካርድ ስላገኘሁ ነው። ያኔ ከሐበሻ ሱቅ እየገዛን በሳንቲም የምንፍቀው ዓይነት ነው። ጠርዙ ላይ ያልተፋቀ ግራጫ ቀለም ቀርቶበታል። በጥፍሬ ስነካው ብናኙ ጣቴ ላይ ቀረ፤ የረጠበ ሣርና የጡንቻ ቅባት ሽታም አብሮ የመጣ መሰለኝ። ሥራዬ ያየሁትን ከሰማሁት መለየት ነው። እዚህ የምነግርህ ያየሁትን ነው።

ኮሌጃችን አሌክሳንድሪያ ነበር። የእግር ኳስ ቡድን ካቋቋመ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። የመጀመሪያው አሠልጣኝ ጥሎን ስለሄደ በዚያ ዓመት አዲስ መጣልን፤ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ወታደር፣ ረጅም፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ስንሸነፍ አይቆጣም ነበር። ኳሶቹን ራሱ ለቅሞ መረቡ ውስጥ ይከታል፣ መኪናው ላይ ይጭናል፣ "ማክሰኞ እንገናኝ" ይላል። ብዙ ጊዜ ለቀመ። ከኦገስት ጀምሮ አንድም ጨዋታ አላሸነፍንም።

እኔ ተጠባባቂ በረኛ ነበርኩ። ለኮሌጁ ጋዜጣ የጨዋታ ዘገባ የምጽፈውም እኔው ነኝ፤ ከወንበር ላይ ብዙ ነገር ይታያል። አጥቂው ግን ሳይሰለፍ ቀርቶ አያውቅም። ከደሴ ከመጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ስካይላይን የሚባል ሰፈር ከአጎቱ ጋር ይኖራል። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይተርበኛል።

"በረኛው፣ ቤንቹን ሊዝ ፈርመህበታል እንዴ?"

"አንተም ጎሉን ረስተኸዋል" እለዋለሁ።

"ጎሉ ነው እኔን የረሳኝ፣ ወላሂ።"

ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታ ሲያልቅ ካርዱን ፍቆ ደሴ ይደውላል። እዚያ ምሽት ነው። ልብስ ሰፊው አባቱ ሱቃቸውን ዘግተው ስልኩ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁታል። መጀመሪያ የሚጠይቁት ስንት ለስንት እንደወጡ ነው። እሱ ደግሞ አንድም ቀን እውነቱን ነግሯቸው አያውቅም። አራት ለዜሮ በተቀጣንበት ቀን አጠገቡ ቆሜ "ሁለት ለአንድ፣ አባዬ፤ አንዷን እኔ ነኝ" ሲል ሰምቻለሁ። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ቀልቶ ነበር።

"ምን ላድርግ? ልኮኝ እየተሸነፍኩ ነው ልበለው?" አለኝ። "አንዴ እናሸንፍና ያቺን እውነቷን እነግረዋለሁ። ከዚያ በኋላ አልዋሽም።"

ወቅቱ ሊያልቅ አንድ ጨዋታ ቀረ። ተጋጣሚያችን ከእኛ እምብዛም የማይሻል ቡድን ነበር። አጥቂው ሳምንቱን ሙሉ ስለሌላ ነገር አላወራም።

ሐሙስ ልምምድ ላይ እሱ ገና ከክፍል ሳይወጣ የአጎቱ ታክሲ ሜዳው አጥር ጥግ ቆመ። አጎቱ ሞተሩን ሳያጠፉ ወርደው በእጃቸው ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ለኮቹ አንድ ነገር አስረዳልኝ። የኔ እንግሊዝኛ ለዚህ አይሆንም።"

ነገሩኝ። ከዚያ አሠልጣኙ ፊት ቆመን የሚሉትን አንድ በአንድ ተረጎምኩ። የልጁ አባት ትናንት አርፈዋል፤ ተቀብረዋልም። እሁድ ከሱብሂ ሰላት በኋላ ሽማግሌዎች ቤት መጥተው ይነግሩታል። እስከዚያ ከማንም አፍ እንዳይሰማ ጠብቁልኝ፤ ደሴ ያሉትም ስልክ እንዳያነሱ ነግሬያለሁ፤ የሚቀጥለውን ሳምንት ደግሞ ከክፍል እንዲቀር ፍቀዱልኝ።

አሠልጣኙ "ለምን እሁድ?" አለ።

"በአዘቦት ቀን ሰው ከየት ይመጣል?" አሉ አጎቱ። "አንዱ ሆቴል ነው፣ አንዱ ፓርኪንግ ነው። እሁድ ነው ሁሉም ኦፍ የሚሆነው። ሰው ሳይሰበሰብ አይነገርም። ብቻውን ሰምቶ እንዴት ይችለዋል?"

ይህን ስተረጉም አሠልጣኙ ወደ መሬት አየ። ቆይቶ የተናገረውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ ብዬ አልምልም፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው። ሠራዊት ውስጥ የመጨረሻው ሥራው ልጆቻቸው ለሞቱባቸው ቤተሰቦች በር አንኳኩቶ መንገር ነበር። ዜናው በደረሰው ቀን ሳይናገር አያድርም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።

"የነገርኳቸው ሰዎች አብዛኞቹ ብቻቸውን ነበሩ" አለ።

አጎቱ ሲተረጎምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አሠልጣኙ ለማንም እንደማይናገር ቃል ሰጠ። አንድ ነገር ግን ጨመረ፦ የአባቱን ሞት ያልሰማ ልጅ ሜዳ ላይ አያሰልፍም። ከተመልካች አንዱ "ነፍስ ይማር" ብሎ ቢጮህበትስ? ቢጎዳስ? አጎቱ "እንደፈቀደ" ብለው ታክሲያቸው ውስጥ ገቡ።

ቅዳሜ ዝናቡ ደቃቅ ነበር። ስሙ ሳይጠራ ሲቀር አጥቂው መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀጥሎ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"በል ጠጋ በል፣ ዛሬ ደባል ገባሁብህ።"

ጠጋ አልኩለት።

"ምን አጥፍቼ ነው? ፕራክቲስ አልቀረሁ፣ አልዘገየሁ። አንተ የሰማኸው ነገር አለ?"

"ኮቹ የራሱ ሐሳብ አለው" አልኩት። ሐሰት አልነበረም።

የመጀመሪያው አጋማሽ ዜሮ ለዜሮ አለቀ። በእሱ ቦታ የተሰለፈው ልጅ ሁለት ጊዜ ባዶ ጎል ሳተ፤ አጥቂው ሁለቱንም ጊዜ ከወንበሩ ተነሥቶ ተመልሶ ተቀመጠ። በእረፍት ሰዓት ቀጥ ብሎ አሠልጣኙ ፊት ሄደ። እኔ የውኃውን ጀሪካን ይዤ አጠገባቸው ነበርኩ። እንግሊዝኛው ያኔ ስብርብር ቢልም ያሰበውን ሁሉ ተናገረ። አባቴ በየሳምንቱ ይጠብቀኛል። ሁልጊዜ አሸነፍን እያልኩ ዋሽቼዋለሁ። ዛሬ የመጨረሻው ነው። ዛሬ እውነት ልንገረው።

አሠልጣኙ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ተጫዋቾቹ የገባቸው ነገር አልነበረም። ኮፍያውን መልሶ ሲያደርግ ወደ እኔ አየ፤ እኔም አየሁት።

"አሟሙቅ" አለው።

ልጁ ካርዱን ከካልሲው ውስጥ አውጥቶ እጄ ላይ አኖረ። "እንዳይረጥብብኝ። በኋላ ትሰጠኛለህ።"

ጎሉ የገባው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነው። ከግራ የተሻማውን ኳስ በግንባሩ ገጨው፤ ኳሱ ቋሚውን ነክቶ ገባ። ሁሉም ላዩ ላይ ወደቁበት። ፊሽካው ሲነፋ ያ ሁሉ ሳምንት የተሸነፈ ቡድን በጭቃው ላይ ተንከባለለ። አሠልጣኙ አልመጣም። ኳሶቹን እየለቀመ መረቡ ውስጥ ይከት ነበር።

አጥቂው ጭቃውን እንኳ ሳይጠርግ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ወዳለው የሕዝብ ስልክ ወሰደኝ። የካርዱን ቁጥር እኔ አነበብኩለት፣ እሱ ነካ። ስልኩ ጠራ። ከእጀታው የሚወጣው ድምፅ እኔም ዘንድ ይሰማ ነበር። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ደግሞ ደወለ።

"ሰርግ ቤት ሄደው ይሆናል" አለ። "አባዬ ደግሞ ሰው ከበዛ አይመለስም።" ሦስተኛ አልሞከረም። "ይቅር፣ ነገ ጠዋት አገኘዋለሁ። ካርዱን ያዘው፣ ኪስ የለኝም።"

እሁድ ጨለማው ሳይለቅ ስካይላይን ደረስኩ። አጎቱ ልጁን እንዲያድር ጎረቤት ካለ ዘመድ ዘንድ ልከውት ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ከተሰበሰቡ በኋላ አስጠሩት። የአፓርትማው ኮሪደር ላይ ጫማ ከበሩ እስከ ሊፍቱ ተደርድሯል፤ የሥራ ቡት፣ ነጠላ ጫማ፣ የሆቴል ሠራተኞች ጥቁር ጫማ። ከጫማዎቹ መጨረሻ አሠልጣኙ በካልሲ ቆሟል። ማን አድራሻ እንደሰጠው አላውቅም። አንድ ሽማግሌ እጁን ይዘው አስገቡትና ምንጣፉ ላይ ከጎናቸው አስቀመጡት።

ሊፍቱ ተከፈተ። አጥቂው ወጣ፣ ጫማዎቹን አየ፣ ቆመ። ማንም ገና ምንም አላለውም።

"አባዬ ነው?" አለ።

አጎቱ አቀፉት። "አብሽር፣ ልጄ። አብሽር።" ከውስጥ ሰዎች ሁሉ ተነሡ።

ጩኸቱን አልጽፈውም። ድምፁ ሲሰክን "መቼ?" ብሎ ጠየቀ።

"ረቡዕ።"

ቀኖቹን ሲቆጥር ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ዞሮ አሠልጣኙን አየው።

"ታውቅ ነበር?" አለው በእንግሊዝኛ።

"አዎ" አለ አሠልጣኙ።

ልጁ ሄዶ ከጎኑ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ዱዓ ሲያደርግ አሠልጣኙም እንደሌሎቹ መዳፉን ዘርግቶ ነበር። የቀረበለትን ዳቦ በላ። ከእሱ በፊት ብዙ ሰው ሲወጣ እሱ አልወጣም። በዓመቱ ኮሌጁ ቡድኑን ዘጋው፤ እሱም አካባቢውን ለቀቀ። አፈላልጌው ነበር፤ አላገኘሁትም።

ረፋዱ ላይ አጎቱ ደሴ ደውለው ስልኩን ስፒከር ላይ አደረጉት፤ ሁሉም እንዲያጽናና። ልጁ ከእናቱ ጋር አብሮ አለቀሰ። መጨረሻ ላይ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

"እማዬ፣ ትናንት አሸነፍን።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ" አሉ እናቱ። ድምፃቸው ሰልሏል። "አባትህ ለሰው ሁሉ ይሄንኑ ነበር የሚናገረው። ልጄ ተሸንፎ አያውቅም ይል ነበር።"

በዚያ ዓመት ቡድናችን ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ነው።