የአባሎው ምሰሶና ባለቀንዱ ጥንዚዛ

ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ከጥላ ሰብስቦ ጸጥ ሲያሰኝ፣ ቅርጭ ቅርጭ የሚል የድሮ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ ይመለሳል። ቆላ፣ ኮኪት መንደር ባደግሁበት ጎጆ ምሰሶ ውስጥ እንጨት የሚበላ ትል ነበር። አባቴ ከበለሳ ሳሉግ፣ የወቅት የቀን ሠራተኛ፣ ሆኖ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ፣ እናቴን አግብቶ በዚያው ሲቀር፣ ጎጆውን በገዛ እጁ ሠርቶ ምሰሶውን ከነቅርፊቱ አቆመው። በአገሩ ጥድ ከነቅርፊቱ ቢቆም ትል አይደፍረውም፤ ይህ ግን የቆላ አባሎ ነበር፤ ጥንዚዛዋም ቅርፊቱን ሰንጥቃ እንቁላሏን ጣለችበት።

በጋውን ሙሉ ነጩ ወፍራም ትል እንጨቱን እያኘከ ዱቄት ያዘንብብን ነበር። እናቴ ጠዋት የጠረገችው መደብ ምሳ ሳይደርስ ዱቄት ለብሶ ይጠብቃት ነበር።

የክረምቱ መጀመሪያ ዝናብ ሲጥል፣ ውስጥ ያደገው ትል ጥንዚዛ ሆኖ፣ ክብ ቀዳዳ በስቶ ይወጣ ነበር። ቀንዶቹ ከገላው ይረዝማሉ። ስንይዘው አንገቱን እየነቀነቀ ጪጥ ጪጥ ይልብን ነበር። አባቴ አንድም ቀን አልገደለውም፤ መዳፉ ላይ አስቀምጦ «ያሳደግሁትን ልጅ ልሸኘው» እያለ ወስዶ ደጅ ካለው ግራር ላይ ያኖረው ነበር። እናቴ በዚህ ትስቅ ነበር እንጂ፣ ሐምሌ ገብቶ ንፋሱ ክዳኑን ሲያንገጫግጭ ሳቋ ይጠፋ ነበር። ጎጆው ልጆቿ ላይ እንዳይወድቅ ትፈራለች። ምሰሶው ይቀየር ስትለው አባቴ አይሰማትም፤ ባለቤቱ በሕይወት እያለ ምሰሶ ከተነቀለ ባለቤቱም ተከትሎ ይሞታል የሚል እምነት ከአገሩ ይዞ ወርዷል።

በአንድ የሰሊጥ አጨዳ ወቅት፣ አባቴ እርሻ ላይ ከርሞ ሲመለስ፣ ከምሰሶው አጠገብ ቅርፊቱ የተላጠ፣ ለስላሳ፣ ጫፉ ክዳኑ ድረስ የደረሰ ሌላ እንጨት ቆሞ ጠበቀው። እናቴ ወንድሟን አስመጥታ ያስቆመችው ነበር።

«ይኸ ምንድር ነው?» አላት።

«የጋቢህ መስቀያ ነው» አለችው።

ቀና ብሎ ጫፉን አየ፣ ወደ እሷ ዞሮም አየ፣ ከዚያ ጋቢውን አውልቆ ሰቀለበት። ከዚያ ወዲህ ስለ እንጨቱ የተናገረ የለም፤ ጋቢው ግን ሁልጊዜ እዚያ ይሰቀል ነበር።

ከጥቂት ክረምት በኋላ፣ አውሎ ነፋስ በመጣበት ቀን፣ አሮጌው ምሰሶ ወገቡ ላይ ተሰብሮ እፊታችን ወደቀ። ውስጡ ባዶ ነበር፤ ለዓመታት የቆመው ቅርፊት ብቻ ኖሯል። ሁላችንም ቀና ብለን ክዳኑን አየን። ንቅንቅ አላለም። አባቴ ስብርባሪውን ሲያይ ቆይቶ፣ ወደ እናቴ ዞረ።

«ለካስ እስከ ዛሬ የኖርነው በአንች መስቀያ ነው» አላት፤ እሷም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ሸሕዲ ከተማ እኔ ዘንድ ነው የሚኖረው። ቤቴ ብሎኬት ነው፣ ክዳኑን የያዘው ብረት ነው፣ ዱቄት የሚያዘንብ ትል የለበትም፤ እኔም ያን ዱቄት ትጠርግ የነበረችውን ሴት በጣም እናፍቃለሁ። ለአባቴ ጋቢ ግድግዳው ላይ ጥሩ ማንጠልጠያ አስመትቼለታለሁ። መርቆኛል። ጋቢውን ግን እስከ ዛሬ አጥፎ ጉልበቱ ላይ ነው የሚያስቀምጠው።