የሰላጣ መስመሬና ጤና አዳሙ

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሉዊስ ሴንተር ያለ ግሪንሃውስ ውስጥ ሥራ የጀመርኩት በ2021 ነው። የመጀመሪያው ቀን ገብቼ መኮትኮቻ ፈለግኩ። ሱፐርቫይዘሬ ማርክ ሳቀ። ለካ አፈር የሚባል ነገር የለም! ሰላጣው ነጭ ቱቦ ላይ ተደርድሮ ሥሩን ውሃ ውስጥ ዘርግቷል። ፓምፑ ማዳበሪያ ያለበትን ውሃ ከታንክ ወደ ቱቦው ይገፋል፤ ያው ውሃ ዞሮ ታንኩ ይገባል። ጥፍሬ ሳይቆሽሽ ገበሬ ሆኜ ዋልኩ።

ሥራዬ የውሃውን አሲድነት (ፒኤች) መለካት፣ ችግኝ መትከልና የደረሰውን መልቀም ነበር። በሦስተኛው ወር ማርክ አንድ መስመር ከነታንኩ ለብቻዬ ሰጠኝ። «ይኼን ሰላጣ በደንብ ካደረስሽው ሊድ ትሆኛለሽ» አለኝ። ሊድ ማለት ከማርክ በታች የሁላችንም አለቃ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰላጣዬን እንደ አራስ ልጅ ነበር የማየው።

የማርክ አፍ ግን አስፈራኝ። በየጠዋቱ መስመሬ ላይ ቆሞ «ዋው! እንዲህ የሚያምር ሰላጣ አይቼ አላውቅም!» ይላል። አንድ ቀን እንኳ እንትፍ አይልም።

አጠገቤ ያለውን መስመር የሚይዙትን ጋሼ ታደሰን አማከርኳቸው።

«እንትፍ ቢልስ ማስክ አድርጎ የት ይደርሳል?» አሉኝ። «አንቺ ልጅ፣ ለዓይን መድኃኒቱ ጤና አዳም ነው።» በማግስቱ ፎረስት ፓርክ ካለው ቤታቸው ሁለት ችግኝ ከነሥሩ አመጡልኝ። የቱቦው ጫፍ ላይ፣ ከሰላጣው ሥር ደብቄ ተከልኳቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ሰላጣው ማደግ አቆመ። «አየሽ? ዓይኑ ከባድ ነው! ጨምሪበት» አሉ ጋሼ። ስድስት አመጡልኝ፤ ጨመርኩ። ጤና አዳሙ ፋፋ። ሰላጣው የሕፃን ጆሮ አከለ።

ማርክ ፒኤቹን ለካ፣ ፓምፑን ፈታ፣ መብራቱን ቀየረ። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ ማስኩን ዝቅ አደረገና አሸተተ። ስምንቱንም ነቅሎ አወጣቸው።

«ማነው የተከለው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ሰላጣውን ከአንተ ለመጠበቅ።»

ማርክ ተቀምጦ አስረዳኝ። አንዳንድ ተክል ከሥሩና ከቅጠሉ ጎረቤቱን የሚያቀጭጭ ነገር ይለቃል። ሜዳ ላይ አፈሩ ይውጠዋል፤ እኛ ጋ ግን ውሃው ስለሚዞር ለእያንዳንዱ ሥር ያድለዋል። ታንኩን ደፋን፣ ቱቦውን አጠብን፣ ውሃው የሚያልፍበት የከሰል ማጣሪያ ገጠምን። አዲሱ ችግኝ በደህና አደገ።

ከሥራ አልተባረርኩም። ሊድ የሆኑት ግን ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ ሰላጣቸው አምሮ ነበራ። ጤና አዳሙ ከየት እንደመጣ ማርክ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ጋሼ ግን ዓመቱን ሙሉ ምሳዬን በማይክሮዌቭ ሲያሞቁልኝ ከረሙ።

የተማርኩት ይኼ ነው፦ ሰብል ሲቀጭጭ፣ የሰውን ዓይን ከመጠርጠር በፊት ውሃው ውስጥ ራስሽ የጨመርሽውን ማየት።