ሌቦቹ ንቀው የተዉት ኮምፒውተር

«ኸላስ ጋሼ፣ ፋይሉ ተከፍቷል!» አለኝ ኮምፒውተር ሠሪው። ስክሪኑ ላይ ግን አንድም የአማርኛ ፊደል የለም፤ የጉድ ምልክት ብቻ ተደርድሯል።

ካርቱም ዴም ሰፈር ያለችውን የጽሕፈት ሱቄን ሌቦች በሱዳኑ ጦርነት ሲዘርፉ ይህን አሮጌ ኮምፒውተር ንቀው ተዉት። ሌባ እንኳ የናቀውን እኔ ይኸው እንጀራ እበላበታለሁ።

በጣም ስለተንቀራፈፈብኝ ዛሬ ዊንዶውሱን ጥዬ ቀለል ወዳለው ሊኑክስ ልቀይር ቆረጥኩ። ሠሪው «አሮጌውን ሳናጠፋ መጀመሪያ ከፍላሽ ላይ እንሞክረው» አለ። የድሮው የአማርኛ መጻፊያዬ ግን እዚያ ላይ ስለሌለ ፊደሉ ሁሉ ምልክት ሆነ።

ሠሪው ካርቱም ተወልዶ ያደገ ሐበሻ ነው፤ አማርኛ ይናገራል፣ አያነብም። ፋይሉ ከተከፈተ ለእሱ በቃ፣ አልቋል።

ዘሃራ አጠገቤ ቆማለች። የወሎ ልጅ ናት፣ ቡሪ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። እህቷ ከመሞቷ በፊት እኔ ጋ ያስጻፈችውን ደብዳቤ ፈልጋ ነው የመጣችው። በጦርነቱ ምክንያት ለእናታቸው ሳይላክ ቀርቷል።

«የሷ ቃል የታለ ጋሼ?» አለችኝ።

ፍላሹን አስነቀልኩና ኮምፒውተሩን በአሮጌው ዊንዶውስ አስነሳሁት። እያቃሰተ ከፈተው። አነበብኩላት፦ «እማዬ፣ እኔ ደህና ነኝ። አሠሪዎቼ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ተመችቷት ነበር» አለች ዘሃራ።

ሟቿ ግን «እናቴ በስልክ ድምፄን ከሰማች ደህና አለመሆኔን ታውቅብኛለች» ብላ ነበር ያስጻፈችኝ።

አልቀይረውም፣ ይንቀራፈፍ። እናንተስ፣ የማንን «ደህና ነኝ» በየትኛው አሮጌ ዕቃ ውስጥ ይዛችኋል?